ከካሜራው የተለየ ሌንስ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በፎቶግራፍ ክበብ ስም በመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ታላላቅ ነገር ተናግረዋል። እኛ ግን በአንድ እጅ መዳፍ ውስጥ ስለምትገባ ዕቃ እንናገራለን። ይህችውም የፊልም ካሜራ ሌንስ ናት። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን፤ በዚህች ትንሽ ዕቃ ምክንያት ሁለት ታላላቅ ስሕተቶች ሠርተናልና። በመጀመሪያው ስሕተት ደኅነኛውን ሌንስ በሽተኛ ነው ብለን አጠፋነው። በሁለተኛው ስሕተት ደግሞ በሽተኛውን ሌንስ ደኅነኛ ነው ብለን አመንነው። የመጀመሪያው ያሳጣን አንድ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ያሳጣን ግን በገንዘብ የማይመለስ ነገር ነው።

እንደሚታወቀው ሁሉ ዛሬ ፎቶግራፍ የሚነሣው በስልክ ነው። ክበባችን ግን በፊልም የሚሠሩ አሮጌ ካሜራዎችን በስጦታ ስለ ተቀበለ የፊልምን ሥራ ከመጀመሪያው ተምረናል። በስጦታው ሳጥን ውስጥ ከካሜራዎቹ ሌላ፣ ካሜራ የሌላቸው ሌንሶች ብቻቸውን በጨርቅ ተጠቅልለው ነበር። የዛሬው ንግግራችን የሚነሣው ከዚያ ጨርቅ ውስጥ ነው። አንድ ሌንስ ከካሜራው ተለይቶ በእጃችን ላይ ሲቀመጥ በውስጡ ያሉት ቅጠሎች ምን ያደርጋሉ? ቢከፈቱ ደኅና ናቸውን? ቢዘጉስ ተበላሽተዋልን?

በመጀመሪያ ቅጠሎች ያልናቸው ምን እንደ ሆኑ እናስረዳ። ሌንስ ከመስተዋት ብቻ የተሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በመስተዋቶቹ መካከል እንደ ዐይን ብሌን የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ አለ። የድመትን ዐይን በፀሐይና በጨለማ የተመለከተ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በሌንስ ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት እንደ ሠርቀ ጨረቃ የጎበጡ፣ እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ ስስ ብረቶች ናቸው። ስስነታቸው እንደ ወረቀት ስለ ሆነ እኛ ቅጠሎች ብለን እንጠራቸዋለን። ቁጥራቸው በአንዱ ሌንስ 5፣ በሌላው 6፣ በሌላውም 8 ይሆናል፤ ከዚያም የሚበልጥ አለ። እያንዳንዱ ቅጠል ሁለት እጅግ ትንንሽ ሚስማሮች አሉት። አንደኛው ሚስማር በማይንቀሳቀስ ቀለበት ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ እንደ በር ማጠፊያ ያገለግላል። ሁለተኛው ሚስማር በሚዞር ቀለበት ላይ በተቆፈረ መንገድ ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ ቀለበቱ ሲዞር ቅጠሎቹ ሁሉ ባንድነት ወደ መካከል ይገባሉ፤ ወይም ባንድነት ወደ ዳር ይሸሻሉ።

በሌንሱ ላይ የተጻፉት 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6፣ 8፣ 11፣ 16 የሚሉት ቁጥሮች የዚህን ቀዳዳ ስፋት ያመለክታሉ። ጀማሪውን የሚያስቸግረው ቁጥሩ በበለጠ መጠን ቀዳዳው የሚያንስ መሆኑ ነው። ምክንያቱም ቁጥሩ የሚገኘው የሌንሱን የትኩረት ርቀት ለቀዳዳው ስፋት በማካፈል ነው። ለምሳሌ የትኩረት ርቀቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ በ2 ቁጥር ላይ ሲሆን የቀዳዳው ስፋት 25 ሚሊሜትር ነው። በ16 ቁጥር ላይ ሲሆን ግን ከ3 ሚሊሜትር እምብዛም አይበልጥም። ከአንዱ ቁጥር ወደሚቀጥለው በተሻገርን ጊዜ የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል። ከ2 እስከ 16 ድረስ ስድስት ደረጃ ስላለ፣ በ2 ቁጥር የሚገባው ብርሃን በ16 ቁጥር ከሚገባው 64 እጥፍ ነው። ይህን 64 የሚል ቁጥር አድማጮቻችን በልባቸው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ቅጠሎቹ ለምን ልዩ ልዩ ጠባይ እንዳላቸው እንመልከት። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሰው በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን በጎን ባለ ትንሽ መስኮት በሚያይባቸው ካሜራዎች፣ እንደ 1954ቱ ላይካ ኤም 3 ባሉት፣ ቅጠሎቹ መጥበባቸው ለተመልካቹ አያስቸግርም። ስለዚህ የቁጥሩን ቀለበት በእጅ ባዞሩት መጠን ቅጠሎቹ ወዲያው ይከተላሉ፤ ሌላ ጥበብ አያስፈልግም።

በመስተዋት አማካይነት በራሱ በሌንሱ ውስጥ በሚታይባቸው ካሜራዎች ግን ችግር ተፈጠረ። በ1936 በድሬስደን ከተማ የወጣው ኪኔ ኤክሳክታ ለ35 ሚሊሜትር ፊልም ከተሠሩት ከእነዚህ ካሜራዎች የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። ፎቶግራፍ አንሺው የሰውየውን ፊት አጥርቶ ለማየት ቀዳዳው እንዲሰፋ ይፈልጋል። ፎቶግራፉ በሚነሣበት ቅጽበት ግን ቀዳዳው እንዲጠብ ያስፈልጋል። ቀዳዳው ጠብቦ ከቆየ በማያው ውስጥ የሚታየው ሁሉ እንደ ምሽት ይጨልማል። ስለዚህ ሰውየው አስፍቶ ያያል፤ ከዚያ ቁጥር እየቆጠረ ያጠባል፤ ከዚያ ያነሣል። ይህ እስኪሆን ድረስ የሚነሣው ሕፃን ፊቱን አዙሯል፤ ወፉም በርሯል።

ይህንን ድካም ለማቃለል ሁለት መንገድ ተገኘ። አንደኛው መንገድ ሁለት ቀለበት ማድረግ ነው። በአንዱ ቀለበት ቁጥሩን አስቀድሞ መወሰን፣ በሁለተኛው ቀለበት ደግሞ ሳያዩ እስከ ተወሰነው ቁጥር ድረስ ማጥበብ ይቻላል። በሶቪየት ኅብረት የተሠራው ባለ 8 ቅጠሉ ሄሊዮስ 44-2 ከነዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን ለካሜራው መስጠት ነው። አንሺው ሲመለከት ቅጠሎቹ ተከፍተው ይቆያሉ፤ መንሻውን ሲጫን ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይጠባሉ፤ ፎቶግራፉም ከተነሣ በኋላ መልሰው ይከፈታሉ። በ1959 የወጣው ኒኮን ኤፍ ይህንን አሠራር በዓለም ላይ ካስፋፉት ካሜራዎች አንዱ ነው።

እንግዲህ የነገሩ ቍልፍ ይህ ነው። ሥራው የካሜራውና የሌንሱ ሽርክና ሆነ። በሽርክና የሚሠራ ሰው ብቻውን ሲቀር የሥራውን እኩሌታ ብቻ እንደሚያሳይ፣ ሌንሱም ከካሜራው ሲለይ የሚያሳየው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ድርሻው ደግሞ በየፋብሪካው ልዩ ልዩ ነው። እኛ በአራት ወገን ከፍለናቸዋል።

የመጀመሪያው ወገን በእጅ ብቻ የሚታዘዝ ነው። የላይካውና የሄሊዮስ 44-2 ሌንሶች እንደዚህ ናቸው። ከካሜራው ቢለዩም ባይለዩም ቅጠሎቻቸው ቀለበቱን ይከተላሉ።

ሁለተኛው ወገን ጠብቦ የሚቀመጥ ነው። የኒኮን ኤፍ ሌንሶች፣ እንዲሁም ከ1975 ጀምሮ የወጡት የፔንታክስ ኬ ሌንሶች ከዚህ ወገን ናቸው። በውስጣቸው ያለው ሞላ ቅጠሎቹን ሁልጊዜ ወደ ተወሰነው ቁጥር ይስባቸዋል። በሌንሱ ኋላ እንደ ምላስ ብቅ ያለች ትንሽ ብረት አለች። ካሜራው ይህችን ምላስ ይዞ ቅጠሎቹን አስከፍቶ ያቆያቸዋል፤ በመንሻው ቅጽበት ይለቃታል፤ ሞላውም ቅጠሎቹን ያጠባቸዋል። ስለዚህ ሌንሱ በተለየ ጊዜ ምላሷን የሚይዝ ስለሌለ ቁጥሩ በ16 ላይ ከሆነ ቅጠሎቹ ጠብበው ይታያሉ። ይህ ብልሽት አይደለም።

ሦስተኛው ወገን ተከፍቶ የሚቀመጥ ነው። 42 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ጥምዝ ወደ ካሜራው ከሚገቡት ሌንሶች መካከል ራስ ገዝ የሆኑት እንዲህ ናቸው። በኋላቸው አንዲት ትንሽ ሚስማር ብቅ ብላለች። ካሜራው ሚስማሯን ሲገፋ ቅጠሎቹ ይጠባሉ፤ ሲተዋት ይከፈታሉ። በብዙዎቹ ላይ ኤ እና ኤም የሚሉ የላቲን ፊደሎች የተጻፉበት ትንሽ መቀየሪያ አለ። በኤ ላይ ሲሆን ሚስማሯ ካልተገፋች በቀር ቀለበቱ ቢዞርም ቅጠሎቹ ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ በኤም ላይ ሲሆን ግን ቀለበቱን ይከተላሉ። ከ1972 ጀምሮ የወጡት የኦሊምፐስ ኦኤም ሌንሶችም ብቻቸውን ሲሆኑ ክፍት ናቸው፤ በጎናቸው ያለውን ትንሽ ቍልፍ የተጫነ ሰው ሲጠቡ ያያቸዋል። በ1971 የወጡት የካነን ኤፍዲ ሌንሶች ደግሞ በካሜራ ላይ እንደ ታሠሩ ካልተሰማቸው በቀር የቁጥሩን ቀለበት አይታዘዙም።

አራተኛው ወገን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። በ1987 የወጡት የካነን ኢኤፍ ሌንሶች በውስጣቸው ትንሽ ሞተር ስላለ ትእዛዝ የሚቀበሉት በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ከካሜራው በተለዩ ጊዜ ባሉበት ይቀራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆነው ማለት ነው። በእጅ የሚነካ ምላስም ሚስማርም የላቸውም።

ይህንን ሁሉ ዛሬ በቃል እንናገረዋለን። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር ግን ከዚህ አንዱንም አናውቅም ነበር። ከጨርቁ ውስጥ አንድ መስተዋቱ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ሌንስ አወጣን። ቀለበቱን ከ2 ወደ 16 አዞርን፤ ቅጠሎቹ አልተነቃነቁም። መልሰን አዞርን፤ አሁንም ዝም አሉ። ወዲያውም «ይህ ሞቷል» ብለን ፈረድንበት። ከመካከላችን አንዱ ካቻቢቴ አመጣ፤ ሌላው ነጭ ወረቀት ዘረጋ። ብሎኖቹን ፈታን፤ የኋላውን መስተዋት አወጣን፤ ቀለበቱንም በነቀልን ጊዜ ስድስቱ ቅጠሎች ባንድ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ረገፉ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ እኛም ጎንበስ ብለን ለቀምን። ነገር ግን አምስቱን በቦታቸው ስናስገባ ስድስተኛው ይወጣል፤ እርሱን ስናስገባ ሁለቱ ይዘላሉ። ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ደከምን። በሦስተኛው ቀን አንደኛው ቅጠል በጣታችን መካከል ታጠፈ። የታጠፈ ቅጠል ደግሞ ቢቃና እንኳ እንደ ቀድሞው አይደራረብም።

በከተማችን ውስጥ ዘመናቸውን ሁሉ በፎቶግራፍ ሥራ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። የተበተነውን ሌንስ በሣጥን ይዘን ሄድን። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዕቃውን አንድ በአንድ ተመለከቱና በዝግታ ጠየቁን።

«ልጆቼ፣ ከመፍታታችሁ በፊት ይህችን ሚስማር ተጭናችኋት ነበር?»

«አልተጫንናትም፣ ጋሼ።»

«ይህችን መቀየሪያስ ከኤ ወደ ኤም ገፍታችኋት ነበር?»

«ምን እንደምትሠራ አላወቅንም ነበር።»

ጋሼ አልተቆጡንም። ከመሳቢያቸው ያንኑ ዓይነት ሌንስ አውጥተው በመስኮቱ ፊት ያዙት፤ በአውራ ጣታቸውም ሚስማሯን ነካ አደረጓት። ስድስቱ ቅጠሎች ቀጭ ብለው ጠበቡ። ጣታቸውን ሲያነሡ ቀጭ ብለው ተከፈቱ። እኛም ያጠፋነው ሌንስ አንዳች በሽታ እንዳልነበረበት በዚያን ጊዜ ገባን። ሌንሱ ዝም ያለው ሞቶ ሳይሆን የካሜራውን ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር።

ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው። ከዚህ ትምህርት አግኝተናል ብለን ተጽናናን። ሆኖም ትምህርቱን የወሰድነው በግማሹ ነበር። «ቅጠሎቹ ባይነቃነቁም ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ» የሚለውን ተማርን፤ «ቢነቃነቁም በሽተኛ ሊሆኑ ይችላሉ» የሚለውን ግን ገና አልተማርንም።

በግንቦት ወር የትምህርት ቤታችን የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የነበሩ አባቶች ሊጎበኙን መጡ። ለዛሬው በዓል በሚታተመው መጽሔት ውስጥ እንዲገባ ፎቶግራፋቸውን እንድናነሣ ታዘዝን። ከሁለተኛው ወገን የሆነ፣ ማለት ጠብቦ የሚቀመጥ፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ መረጥን። ከካሜራው ለይተን በጥንቃቄ መረመርነው። ቀለበቱን ቀስ ብለን ስናዞር ቅጠሎቹ ቀስ ብለው ተከተሉ። በ16 ላይ ጠበቡ፤ በ2 ላይ ሰፉ። «ይህስ ደኅና ነው» አልን።

በአዳራሹ ውስጥ ብርሃን ጥቂት ስለ ነበር በ2 ቁጥር አነሣን። ከዚያም አባቶች በግቢው ዛፍ አጠገብ በጠራ ፀሐይ ተሰለፉ። የፊልሙ ፍጥነት 125 ስለ ነበር የጠራ ፀሐይ ሕግ እንደሚያዘው ቁጥሩን በ16፣ መዝጊያውን በሰከንድ 1/125 ላይ አደረግን። አሥራ አንድ ጊዜ አነሣን። ከአባቶች መካከል በበትር የሚሄዱ አንድ ሽማግሌ ወንበር ሲቀርብላቸው «በዚህ ግቢ ተቀምጬ አልተማርኩም፤ ቆሜ እነሣለሁ» ብለው አሳቁን።

ፊልሙን በጨለማ ክፍል ውስጥ አጥበን ባወጣን ጊዜ የአዳራሹ ፎቶግራፎች ያማሩ ነበሩ። የግቢው አሥራ አንዱ ግን በኔጋቲቩ ላይ እንደ ጥላሸት ጠቁረዋል። በወረቀት ላይ ስናትማቸው ነጩ ጋቢ ከነጩ ሰማይ ጋር አንድ ሆነ፤ የፊታቸውም መልክ ጠፋ። አንዳንዶቻችን መድኃኒቱን፣ አንዳንዶቻችን ፊልሙን ወቀስን። እንደገና ወደ ጋሼ ሄድን። ኔጋቲቩን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩና «በአንድ ፊልም፣ በአንድ መድኃኒት ውስጥ ደኅናውም ክፉውም ካለ ጥፋቱ የመድኃኒቱ አይደለም፤ ሌንሱን አምጡት» አሉን።

ሌንሱን ተቀብለው ቁጥሩን በ16 ላይ አደረጉ። በኋላው ያለችውን ምላስ በጣታቸው ወደ ዳር ሳቡና ባንድ ጊዜ ለቀቋት። ቅጠሎቹ ቀጭ አላሉም፤ ማር ውስጥ እንደ ወደቀ ዝንብ እየተጎተቱ በዝግታ ገቡ። በመስኮቱ ብርሃን አዘንብለው ሲያሳዩን በቅጠሎቹ ላይ የዘይት ወዝ ያብለጨልጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌንሱን ለማጥራት ስናዞረው ያለ ችግር እንዲዞር በጥምዙ ውስጥ ግራሶ ተቀብቷል። በብዙ ዓመት ውስጥ፣ ይልቁንም በሙቀት፣ ከግራሶው ቀጭን ዘይት ይለይና በብረቱ ላይ እየሳበ ወደ ቅጠሎቹ ይደርሳል። ሁለት እርጥብ መስተዋቶች ተደራርበው እንደሚጣበቁ ቅጠሎቹም እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። ቀለበቱ በእጅ ቀስ ተብሎ ሲዞር ሞላው ዘይቱን ለማሸነፍ በቂ ጊዜ ያገኛል፤ ስለዚህ ምንም ጉድለት አይታይም። በካሜራው ላይ ግን ጊዜው ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። ቅጠሎቹ ሳይደርሱ መዝጊያው ይከፈታል፤ ቀዳዳው ገና ሰፊ ሳለ ፎቶግራፉ ይነሣል። አስቀድመን በልባችሁ ያዙልን ያልነው ቁጥር እዚህ ላይ ይመለሳል። ቅጠሎቹ ጨርሰው ካልተነቃነቁ ወደ ፊልሙ የሚገባው ብርሃን ከሚገባው 64 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በአዳራሹ ውስጥ ግን በ2 ቁጥር ስላነሣን ቅጠሎቹ መንቀሳቀስ አላስፈለጋቸውም፤ ፎቶግራፎቹም ያማሩት ስለዚህ ነው።

እኒያ በበትር የሚሄዱ አባት በክረምቱ ዐረፉ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። እንደገና እናንሣዎ ብለን የምንጠራቸው አይደሉም። በመጽሔቱ ውስጥ የሚወጣው ፎቶግራፋቸው በአዳራሹ ውስጥ ከሰው ትከሻ በስተኋላ እኩሌታ ፊታቸው የሚታይበት ነው። ቆመው በግቢው የተነሡት የለም። ልጃቸው በዚህ ጉባኤ መካከል እንዳሉ ስለምናውቅ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃለን።

እንግዲህ ወደ ፊት በክበባችን ለሚተኩን ታናናሾቻችን የሚጠቅመውን በጥቂት ቃል እንናገር።

በመጀመሪያ ሌንሱ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ዕወቁ። ክፍት መሆኑ ወይም ጠባብ መሆኑ ብቻውን ስለ ጤንነቱ አይመሰክርም። ከኋላው ምላስ አለችን? ሚስማር አለችን? በጎኑ መቀየሪያ ወይም ቍልፍ አለን? እነዚህን ሳታዩ ካቻቢቴ አትንኩ።

በሁለተኛው፣ ቁጥሩን በ16 ላይ አድርጋችሁ በመስኮት ፊት ምላሷን ሳቡና ባንድ ጊዜ ልቀቋት፤ የሚስማር ወገን ከሆነም ሚስማሯን ባንድ ጊዜ ተጫኑ። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የመጀመሪያው ሙከራ ነው። ብዙ ጊዜ ያልተነካ ሌንስ ሲንቀሳቀስ ጥቂት ይፍታታና በአሥረኛው ጊዜ ደኅና ሊመስል ይችላል። በማለዳ ብርድም ሞክሩት፤ ዘይት በብርድ ይወፍራልና። ቀዳዳው በየጊዜው አንድ ዓይነት ቅርጽ፣ እኩል ጎኖች ሊኖሩት ይገባል።

በሦስተኛው፣ በካሜራው ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት። ፊልም ሳይኖር የኋላውን ክዳን ክፈቱ፤ መዝጊያውን በሰከንድ 1/30፣ ቁጥሩን በ16 ላይ አድርጋችሁ ወደ መስኮት እያያችሁ መንሻውን ተጫኑ። ለቅጽበት የምትታየው ብርሃን እንደ ምስር ፍሬ ትንሽ ከሆነች ሌንሱ ደኅና ነው፤ ሰፊ ክብ ከታየ ግን ቅጠሎቹ ዘግይተዋል።

በአራተኛው፣ ዘይት ያያችሁበትን ሌንስ ሁሉ አትጣሉ። በእጅ ብቻ በሚታዘዘው ወገን ጥቂት ወዝ ቢኖር ቅጠሎቹን የሚያዘገያቸው ሰው ስለ ሆነ ፎቶግራፉን አያበላሽም። በሌሎቹም ቢሆን ማጽዳት እስኪቻል ድረስ በሰፊው ቁጥር፣ በጥላና በቤት ውስጥ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። መቀየሪያ ካለውም በኤም ላይ አድርጋችሁ፣ ቅጠሎቹ እስኪጠቡ ታግሣችሁ አንሡ። ነገር ግን በቅጠሎቹ ላይ ዘይት አትጨምሩ፤ ቤንዚንም በቀዳዳው አታንጠባጥቡ። ቤንዚኑ ዘይቱን ወደ መስተዋቱ ያሰራጨዋልና። ቅጠሎች የሚሠሩት በደረቁ ነው። የሚያጸዳቸው ባለሙያ ፈትቶ፣ እያንዳንዱን አጥቦና አድርቆ ይመልሳቸዋል። ሌንሶችንም በፀሐይ በሚግል መስኮት ወይም በጋለ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ።

ይህ እውቀት ለአሮጌ ካሜራ ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ቢኖር አንድ ነገር እንጨምርለታለን። ዛሬ ብዙ ወጣቶች አሮጌውን ሌንስ በመገጣጠሚያ ቀለበት አድርገው ከአዲሱ ዲጂታል ካሜራ ጋር ያገናኙታል። ቀላል የሆነው መገጣጠሚያ የካሜራውን ድርሻ አይሠራም። ስለዚህ ሌንሱ በአዲሱ ካሜራ ላይ ታስሮ እንኳ ጠባዩ ከካሜራ እንደ ተለየ ነው። ሚስማሯን የሚጫን ከንፈር የሌለው መገጣጠሚያ ሌንሱን በኤ ላይ ክፍት አድርጎ ያስቀረዋል። የቁጥር ቀለበት የሌላቸው የኋለኛው ዘመን የኒኮን ሌንሶች ደግሞ በቀላል መገጣጠሚያ ላይ እስከ መጨረሻው ጠብበው ይቀራሉ። ገዝቶ «ተበላሽቷል» ብሎ የሚመልሰው ሰው እኛ በኅዳር ወር የሠራነውን ስሕተት ይሠራል።

የተከበራችሁ አድማጮች! ሁለቱ ሌንሶች ዛሬም በክበባችን መደርደሪያ ላይ ናቸው። የመጀመሪያው ባዶ ቀፎ ነው፤ ቅጠሎቹን በፖስታ ውስጥ አድርገን ከጎኑ አስቀምጠናቸዋል። ሁለተኛውን ጋሼ በእኛ ፊት ፈትተው አጸዱት፤ እኛም ቅጠሎቹን እንዴት እንደሚመልሱ ዐይናችንን ሳንነቅል ተመለከትን። አሁን ምላሷ ስትለቀቅ ቀጭ ይላል። ዛሬ ጠዋት ከዚህ አዳራሽ በር ላይ እናንተን ያነሣንባችሁ በእርሱ ነው።

ከዝግጅቱ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የነበራችሁ አባቶች ሁሉ በግቢው ዛፍ አጠገብ እንድትሰበሰቡልን በትሕትና እንለምናለን። ሌንሱን ዛሬ ማለዳ በብርዱ ሞክረነዋል፤ በካሜራውም ላይ ሞክረነዋል። በዚህ ጊዜ ቆማችሁ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ለልጆቻችሁ ይደርሳል።